ክላውድ መከራየት ወይስ የራስን ሰርቨር መግዛት? ወርሃዊ ክፍያው ለከበደው ድርጅት የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለደንበኞቹ የሒሳብና የዕቃ ክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ከአራት ዓመት ወዲህ 22 ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ተከፍለው ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚያከራይ አቅራቢ፣ ተከራይቶ ይሠራል። 12 ቴራባይት ያህል መረጃ አከማችቷል፤ በየወሩም 10 ቴራባይት ገደማ ወደ ደንበኞቹ ይወጣል። ክፍያው ከዓመት ዓመት እየጨመረ በመሄዱ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጠንካራ ሰርቨሮች (ሌሎችን የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮች) ተገዝተው ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቅርበዋል። የክላውድ አቅራቢው በበኩሉ የሦስት ዓመት ውል ከተፈረመ ከፍ ያለ ቅናሽ እንደሚያደርግ አስታውቋል። የአይቲ ክፍሉ ያለው ጠያቂዋንና አንድ ባልደረባቸውን ብቻ ነው። ጠያቂዋ «የቱ ይሻለናል? ውሉንስ እንፈርም?» ይላሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ክርክር የሚጀመረው የሰርቨሩን ዋጋ ለወርሃዊው ክፍያ በማካፈል ነው። ውጤቱ ስምንት ወይም አሥር ወር ሆኖ ሲገኝ «ዓመት ሳይሞላ ወጪውን ይመልሳል» ይባልና ግዢው ይጸድቃል። ማካፈሉ ትክክል ቢሆንም ሁለቱ ቁጥሮች የሚገልጹት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አማዞን ኢሲ2 የተሰኘውን የማሽን ኪራይ አገልግሎቱን በ2006 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲጀምር ሰርቨር በወር የሚያከራዩ ድርጅቶች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ አዲስ የነበረው ማሽንን በሰዓት ሒሳብ ወስዶ፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ ምንም አለመክፈል መቻሉ ነው። ስለዚህ በክላውድ ክፍያ ውስጥ የማሽኑ ኪራይ ብቻ ሳይሆን የመመለስ መብትም ዋጋ ተጨምሮበት ይገኛል። ይህ መብት ለአንዳንዱ ሥራ ከወርቅ ይበልጣል። አንድም ቀን ሳይጠፋ አራት ዓመት ለሚሠራ ማሽን ግን በማይጠቀሙበት መብት ላይ በየሰዓቱ ገንዘብ ማፍሰስ ይሆናል።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ ከ22ቱ ማሽኖች ውስጥ ባለፉት 12 ወራት ጠፍቶ ወይም ተመልሶ የሚያውቀው የትኛው ነው? ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። የክፍያ ዝርዝሩን አውርደው እያንዳንዱ ማሽን ስንት ሰዓት እንደተከፈለበት ሲመለከቱ ሁሉም ከ8,760 አጠገብ ሆነው ቢያገኟቸው፣ በሰዓት እየከፈሉ በዓመት እየተጠቀሙ ነው ማለት ነው። በዚያው ሠንጠረዥ አጠገብ የሲፒዩ (የማሽኑ የስሌት ክፍል) እና የሜሞሪ አጠቃቀማቸውን ያስቀምጡ፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የወር መዝጊያ ሰሞን የደረሱበትን ከፍተኛ መጠንም ይያዙ። የሒሳብ ሶፍትዌር ጭነት ወር ተወልዶ እስኪያልቅ እኩል አይደለምና፣ ደንበኞች ሒሳብ የሚዘጉባቸው ሦስትና አራት ቀናት ከቀሩት ሃያ ስድስት ቀናት ጋር ሊመሳሰሉ አይችሉም።

እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ስከፍት ሁልጊዜ የማገኛቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ለሙከራ የተከራዩ ማሽኖች ናቸው። ሰው የሚጠቀምባቸው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት ቢሆን 50 ሰዓት ነው፤ ሳምንቱ ግን 168 ሰዓት አለው። ማታና ቅዳሜና እሑድ በራሳቸው እንዲጠፉ ቢደረግ የማሽን ኪራያቸው በ70% ይቀንሳል፤ የዲስካቸው ክፍያ ግን ማሽኑ ቢጠፋም እንደማይቆም ልብ ይበሉ። ሁለተኛው «ለማንኛውም» ተብሎ ከፍ ያለ መጠን የተወሰደበት፣ ሲፒዩው በወር መዝጊያ እንኳ ከ15% የማያልፍ ማሽን ነው። ሦስተኛው ማሽኑ ከተሰረዘ በኋላ ብቻውን የቀረ ዲስክና ማንም የማያስታውሰው የድሮ ቅጂ ነው። ይህ የመጨረሻው በዝርዝሩ ላይ ትንሽ መስመር ሆኖ ስለሚታይ ዐይን አይገባም፤ አራት ዓመት የተጠራቀመ ሲሆን ግን ከአንድ ሁለት ማሽን ኪራይ ሊስተካከል ይችላል። ይህን ጽዳት ሳያደርጉ የሚሠሩት ማንኛውም ንጽጽር ለሰርቨር ግዢው ያደላል፤ ምክንያቱም የተዝረከረከ ክላውድን በጥንቃቄ ከታቀደ ግዢ ጋር ያወዳድራሉ።

ከማሽኖቹ ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጪ ወደ ውጭ የሚወጣ መረጃ ነው። መረጃ ወደ ክላውድ ሲገባ በአብዛኛው አይከፈልበትም፤ ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ግን በጊጋባይት ይቆጠራል። የአማዞን የአሜሪካ ማዕከላት መደበኛ ዋጋ ለመጀመሪያው 10 ቴራባይት በጊጋባይት 9 ሳንቲም ዶላር ነው፤ በየወሩ 100 ጊጋባይት ብቻ በነጻ ይፈቀዳል። የእናንተ 10 ቴራባይት በዚህ ሒሳብ በወር 900 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህንኑ መጠን በሠላሳ ቀን ውስጥ ቢያካፍሉት በሰከንድ 31 ሜጋቢት ያህል ነው። ፍሰቱ ወደ ሥራ ሰዓት ተጠጋግቶ አምስት እጥፍ ቢደርስ እንኳ 155 ሜጋቢት ነውና፣ በቋሚ ዋጋ የሚከራይ የአንድ ጊጋቢት መስመር ሩቡን አይሞላም። በእኔ ግምት ከእናንተ ዝርዝር ውስጥ ለግዢው ከሁሉ የተሻለ ውሃ የሚያነሳው ምክንያት ከማሽኖቹ ይልቅ እዚህ ላይ ይገኛል።

ከክላውድ ወጥተው የተሳካላቸው ድርጅቶች ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለሚጠቀስ እሱንም በጥንቃቄ እንየው። የሰዎችን ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ድሮፕቦክስ የተጠቃሚዎቹን ፋይሎች አብዛኛውን ክፍል ከአማዞን አውጥቶ ራሱ ወደ ሠራው ማከማቻ አዛውሯል፤ በ2018 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ባስገባው ሰነድ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ወጪው በ74.6 ሚሊዮን ዶላር እንደቀነሰ ገልጿል። 37ሲግናልስ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ደግሞ በ2022 ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከከፈለ በኋላ፣ ለመውጣት መወሰኑን በዚያው ዓመት በይፋ አስታውቆ በ2023 ዋና ዋና አፕሊኬሽኖቹን ወደ ገዛቸው ሰርቨሮች አሻግሯል። ሁለቱም ጭነታቸው በየቀኑ የሚታወቅና ከዓመት ዓመት የማይዋዥቅ ስለነበር የመመለስ መብቱ አያስፈልጋቸውም ነበር። እዚህ ላይ ግን ሥራ አስኪያጅዎ ሊያውቁት የሚገባ ዝርዝር አለ፤ 37ሲግናልስ ሰርቨሮቹን ያስቀመጠው ቢሮው ውስጥ ሳይሆን በባለሙያ በሚተዳደሩ ዳታ ሴንተሮች (ለሰርቨር ማኖሪያ በተሠሩ ሕንጻዎች) ውስጥ በተከራየው ቦታ ነው፤ ሰርቨር በማስተዳደር ልምድ ያካበተ ቡድንም አስቀድሞ ነበረው።

በተቃራኒው ፊልም አቅራቢው ኔትፍሊክስ በነሐሴ 2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋናው ዳታቤዙ ተበላሽቶ ለሦስት ቀናት ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ ካቃተው በኋላ ወደ ክላውድ መሄድ ጀመረ፤ ጉዞውንም የጨረሰው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። ሆኖም ቪዲዮዎቹን ወደ ተመልካች የሚያደርሰው በራሱ ማሽኖች ነው፤ እነዚህንም በኢንተርኔት አቅራቢዎች ግቢ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ቋሚና ከባድ የሆነውን የመረጃ ፍሰት በራሱ ይዞ፣ የሚለዋወጠውን የስሌት ሥራ በኪራይ ያሠራል። እኔም ለእናንተ የምመክረው ይህንኑ አካሄድ ነው፤ «ክላውድ ወይስ የራስ» የሚለው ጥያቄ ለድርጅቱ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው የሚመለስ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰርቨሮች ልምጣ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ ግድ ይለኛል። ሁለት ሰርቨር የሚገዛው አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲሸከም ነው። እንዲሸከም ደግሞ እያንዳንዱ በመደበኛ ቀን ከአቅሙ ግማሽ በላይ መያዝ የለበትም። ሁለቱም 70% ይዘው እየሠሩ አንዱ ቢወድቅ የቀረው 140% ሊሸከም ስለማይችል ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ የገዛችሁት አቅም ግማሹ ሁልጊዜ ባዶ መቀመጥ አለበት፤ ይህ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ከዚህ የባሰው አደጋ ሁለቱ ሰርቨሮች በደህና ሳሉ በመካከላቸው ያለው የኔትወርክ ግንኙነት ሲቋረጥ የሚመጣው ነው። እያንዳንዱ «ያኛው ሞቷል» ብሎ ዋናውን ቦታ ይይዛል፤ ሁለቱም በየፊናቸው ደረሰኝ መመዝገብ ይጀምራሉ፤ ግንኙነቱ ሲመለስ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ደረሰኞች ይገኛሉ። ለሒሳብ ሶፍትዌር ከዚህ የከፋ ብልሽት አላውቅም፤ ሲስተም መቆሙ ይሻላል። መከላከያው ማን ዋና እንደሚሆን ድምፅ የሚሰጥ ሦስተኛ ማሽን፣ አነስተኛም ቢሆን፣ ከሁለቱ ተለይቶ በሌላ ቦታ ማኖር ነው። ስለዚህ ዕቅዱ «ሁለት ሰርቨር» የሚል ከሆነ አንድ ማሽን ጎድሎታል።

ቢሮ ውስጥ ማስቀመጡን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይሁን። በአማካይ 400 ዋት የሚወስድ ሰርቨር በዓመት 3,504 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የሚፈጀውም ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው የአየር ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣው ሌሊት ቢቆም ሙቀቱ ከዚህ ወሰን ለማለፍ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም፤ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ደግሞ ብዙ ጊዜ የተገናኘው ከሰርቨሮቹ ጋር እንጂ ከማቀዝቀዣው ጋር ስላልሆነ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኖቹ እየሠሩ ክፍሉ ይግላል። በዚህ ላይ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር፣ ጄኔሬተር፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የበር ቁጥጥር ሲጨመር ቢሮው ሳይታሰብ ሁለተኛ ሥራ ይይዛል። ግዢ ካስፈለገ ሰርቨሮቹን በባለሙያ በሚተዳደር ዳታ ሴንተር ውስጥ፣ የመደርደሪያውን ቦታና ኃይሉን ተከራይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ማሽኑ የእናንተ ሆኖ መብራቱና ቅዝቃዜው የሌላ ሰው ኃላፊነት ይሆናል።

ቀጥሎ የሰው ጉዳይ አለ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ድርጅት ስድስት ዲስኮች ያሉት ሰርቨር ነበረው። ዲስኮቹ የተደራጁት አንዱ ቢሞት መረጃው ከቀሩት አምስቱ እንዲገኝ ተደርጎ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሞተ፤ በሰርቨሩ ግንባር ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ወደ ብርቱካናማ ተለወጠች። ሲስተሙ እንደወትሮው ስለሚሠራ ቅሬታ ያቀረበ ሰው አልነበረም፤ የማስጠንቀቂያው ኢሜይል የሚላከው ሥራ ለለቀቀ ባለሙያ አድራሻ ነበር። መብራቷ ለሳምንታት በርታ ቆይታ አንድ ቀን ወደ ክፍሉ የገባ ባልደረባችን አያትና ዲስኩ ተቀየረ። አዲሱን ዲስክ ለመሙላት የቀሩት አምስቱ ከዳር እስከ ዳር መነበብ ነበረባቸው፤ በዚያ ጭነት ላይ በአንድ ቀን የተገዛና እኩል ያረጀ ሌላ ዲስክ ሞተ። መረጃውን ያገኘነው ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲሆን የሁለት ቀን ምዝገባ በእጅ መልሰን አስገባን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ የመጀመሪያዋ መብራት በታየችበት ቀን ሥራው የሃያ ደቂቃ ነበር። የራስ ሰርቨር የሚጠይቀው ይህችን መብራት በየቀኑ የሚያይ፣ የሚያይበትም ሰዓት በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈለት ሰው ነው።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ አንድ ሠራተኛ 40 ሰዓት ቢሠራ ሰዓቱን ያለ ክፍተት ለመሸፈን ከአራት ሰው በላይ ይፈልጋል፤ ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ አምስት ይሆናል። እናንተ ሁለት ናችሁ። ሌሊት ጥሪ በየተራ መቀበል ቢቻልም፣ አንዳችሁ ፈቃድ ላይ ስትሆኑ ሌላው ለሳምንታት ስልኩን ሳያጠፋ መተኛት አለበት። ክላውድ ይህን ሸክም በሙሉ አያነሳም፤ የሶፍትዌራችሁን ብልሽት አሁንም ራሳችሁ ትጠግናላችሁ። የሚያነሳላችሁ የዲስኩን፣ የኃይል ሰጪውን፣ የማቀዝቀዣውንና የመለዋወጫ ክምችቱን ነው። ለሥራ አስኪያጅዎ በሚያቀርቡት ስሌት ውስጥ ይህን በሰው ሰዓት ተምነው ያስገቡ፤ በዜሮ ተይዞ «ያሉት ሠራተኞች ይሸፍኑታል» ተብሎ የሚታለፈው ወጪ ኋላ የሚከፈለው በሠራተኞቹ ጤንነት ነው።

ክላውድ ላይ መቆየትም ከጥፋት እንደማያድን ማወቅ ይገባል። በመጋቢት 2021፣ አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኦቪኤች የተባለው የፈረንሳይ አቅራቢ በስትራስቡርግ ከነበሩት ዳታ ሴንተሮች አንዱ በእሳት ሙሉ በሙሉ ወድሟል፤ መጠባበቂያ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። በ2024 ደግሞ ዩኒሱፐር የተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ በጉግል ክላውድ በኩል በተፈጠረ ስህተት ሲስተሙ ተሰርዞበታል፤ በሁለት ቦታ የተባዛ ቢሆንም ስረዛው ሁለቱንም አዳርሷል። ፈንዱ መልሶ እንዲቆም ከረዱት ነገሮች አንዱ በሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠው ቅጂ ነው። አቅራቢዎች የሚገቡት የ99.99% ዋስትና በወር አራት ደቂቃ ገደማ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ከዚያ ካለፈ የሚካሰው ከቀጣዩ ክፍያ ላይ ተቀናሽ ሆኖ እንጂ ለጠፋው ሥራ አይደለም። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ሙሉ ቅጂ ከዋናው ቦታ ውጭ፣ በሌላ አቅራቢና በሌላ የይለፍ ቃል ሥር ይኑራችሁ፤ በየሦስት ወሩም ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ አስነሱት። ተመልሶ ተነሥቶ የማያውቅ ቅጂ መኖሩ የሚታወቀው በስም ብቻ ነው።

ወደ መልሱ ልሂድ። ሥራችሁን ለሁለት ክፈሉት። ዳታቤዙና ደንበኞች ሰነዶቻቸውን የሚያወርዱበት ክፍል ቀንና ሌሊት የማይጠፋ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውንም መረጃ አብዛኛውን የሚያመነጭ ስለሆነ፣ የመመለስ መብት የማያስፈልገው እሱ ነው። የሙከራ ማሽኖቹ፣ ለወር መዝጊያ የሚጨመሩት ማሽኖችና መጠባበቂያ ቅጂው ግን ክላውድ ላይ ይቆዩ። የመጀመሪያውን ክፍል ወደ ራሳችሁ ማሽን ለማምጣት የአምስት ዓመት ስሌት ሥሩ፤ የማሽኖቹን ዋጋ፣ የአምራቹን የጥገና ዋስትና፣ መለዋወጫ ዲስኮችን፣ የመደርደሪያ ኪራዩን፣ መስመሩንና የሰው ሰዓቱን ጨምራችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልዩነቱ ቢያንስ የአንድ ተጨማሪ ባለሙያ ደመወዝ የሚሸፍን ካልሆነ፣ በሁለት ሰው ኃይል አትንቀሳቀሱ። የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ ሰውየውን ቅጠሩ፤ ሰርቨሩ ከእሱ በኋላ ይምጣ። 12 ቴራባይቱ ራሱ በ100 ሜጋቢት መስመር ያለማቋረጥ ቢላክ 11 ቀን ስለሚፈጅ፣ የሽግግሩ ቀን ከወር መዝጊያ የራቀ እንዲሆን ከወዲሁ አስቡበት።

ስለ ሦስት ዓመቱ ውል፣ አሁን አትፈርሙ። አቅራቢው ቅናሽ የሚያደርገው የመመለስ መብታችሁን መልሳችሁ ስለምትሸጡለት ነው፤ ዋጋው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዛሬ ብትፈርሙ የምታስሩት ያልጸዱትን 22 ማሽኖች ነው። አስቀድማችሁ የሙከራ ማሽኖቹን በሰዓት አጥፉ፤ መጠናቸው የበዛውን ቀንሱ፤ ሁለት የወር መዝጊያ አሳልፉ። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ቀን ከዚያ በታች የማይወርደውን ዝቅተኛ ጭነት ለክታችሁ ለእሱ ብቻ የአንድ ዓመት ውል ጠይቁ፤ ውሉም ለአንድ የተወሰነ የማሽን ዓይነት ሳይሆን ለጠቅላላ የአጠቃቀም መጠን እንዲሆን አድርጉ፤ በመካከል የማሽን ዓይነት ብትቀይሩ ቅናሹ አብሯችሁ ይሄዳል። ዓመቱ ሲያልቅ የአምስት ዓመቱ ስሌት በተለኩ ቁጥሮች ተሠርቶ እጃችሁ ላይ ይኖራል፤ የውሉ ማብቂያ ቀንም ሥራ አስኪያጁ ስለ ግዢው የሚወስኑበት ቀን እንዲሆን ከአሁኑ ቀጠሮ ያዙ።